አፉ የተቆረጠው ሜትር

ባለፈው ዓርብ ሜትሩን ለማዘጋጃ ቤቱ ንብረት ክፍል አስረከብኩ። ንብረት ጠባቂው ጥቅሉን ከቆዳ ሽፋኑ እየሳበ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና ጫፉን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ስንዱ፣ ይሄ ከሃያ ነው የሚጀምረው። የፊተኛው ሃያ ሳንቲም የት ገባ?»

«እኔ ሳልቀጠር በፊት ነው የተቆረጠው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት በምን ስትለኩ ኖራችሁ?»

«እየቀነስን።»

ሳቀና ፈረመልኝ። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበት ሥራ በዚያች ፊርማ አለቀ። ከእንግዲህ ቤት የሚለኩት ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጡ ልጆች ናቸው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ሰኞ አንድ የግንበኞች ማኅበር ውስጥ ሥራ እጀምራለሁ። ዕድሜዬ ገና ሃያ ሰባት ስለሆነ ጡረታ ወጣሁ አልልም፤ ግን አንድ ሥራ ጨርሻለሁ፣ የጨረሱትን ሥራ ደግሞ ሳይረሳ መጻፍ ጥሩ ነው።

ሥራችን ይህ ነበር። ከአብዮቱ ወዲህ አንድ ሰው በስሙ የሚይዘው አንድ ቤት ብቻ ነው። ያን ቤት መሸጥ ይችላል፤ ሌላ መግዛት ከፈለገ ግን መጀመሪያ ያለውን መሸጥ አለበት። ስም ከመዛወሩ በፊት እኛ ሄደን ቤቱን እንለካለን፣ ከፕላኑ ጋር እናመሳክራለን። ድሬዳዋ ውስጥ ደግሞ ከፕላኑ ጋር አንድ የሆነ ቤት ብዙ አላየሁም። ልጅ ሲያገባ ግድግዳ ተጠግቶ አንድ ክፍል ይጨመራል። በረንዳ ይዘጋል። ወጥ ቤቱ ወደ ጓሮ ይሄድና የቀድሞው ወጥ ቤት መኝታ ይሆናል። ያለ ፈቃድ የተሠራ ነገር ስናገኝ እንጽፋለን። አንዳንዱ በቅጣት ይጸድቃል፣ አንዳንዱ ይፈርሳል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ግን ሌላ ነው፤ ከፕላኑ ውጪ የወጣና ወደ መንገድ የራሱ በር ያለው ክፍል እንደ ትርፍ ቤት ይቆጠርና ወደ ቀበሌ ይዞራል። ስለዚህ ሻጮች እኛ ከመምጣታችን በፊት በር ይደፍናሉ፣ ኖራ ይቀባሉ። ከአራቱ ግድግዳ አንዱ ብቻ ነጭ ሆኖ ሲያገኘው አለቃዬ ጋሽ መኩሪያ «ሠርግ አለ እንዴ?» ይል ነበር።

እኔን ያስቀጠረኝ እሱ ነው። መጋላ ሰፈር ውስጥ ወንዶቹ ለኪዎች በር ላይ ሆነው ይጣራሉ፣ ከዚያ ሴቶቹ ተሸፋፍነው እስኪወጡ ይጠብቃሉ፤ አንዳንዴ ጠዋቱ በሙሉ በዚህ ያልቃል። ጋሽ መኩሪያ ወደ ጓዳ የምትገባ ልጅ ፈለገ። እኔ ያኔ ሰው ስሜን ሲጠይቀኝ ለጫማዬ ነበር የምመልሰው። ቢሮ ስቀርብ ጸሐፊው «ጋሼ፣ ይቺ እኮ አፍ የላትም» አለው።

«አፍ ያላትማ አግኝቼ ነበር» አለ ጋሽ መኩሪያ። «በሁለት ሳምንት ውስጥ የማን አልጋ ተሰበረ፣ የማን ጓዳ ባዶ ነው ሲባል ከተማው ሁሉ ሰማ። እኔ የምፈልገው የሚያፍር ሰው ነው።»

እንዲህ ሆኖ ነው እፍረቴ እንጀራ የሆነኝ። በኋላ ደግሞ ዕዳ ሆነብኝ።

ጋሽ መኩሪያ ሥራውን የተማረው የባቡር ሐዲዱ ሥራ ላይ፣ ከፈረንጅ ቀያሾች ሥር ሆኖ ሜትር እየያዘ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዘወትር ካኪ የሚለብስ ሰው ነበር። ፀሐይ ሳይበረታ መለካት ይወዳል፤ በድሬ ሙቀት ጨርቅ ሜትር ይለሰልሳል፣ ሲስቡት ይረዝማል ይል ነበር። ሜትሩ አፉ ላይ ተበጥሶ ሲያስቸግረው ሃያ ሳንቲሙን ቆርጦ ጣለና ጫፉን በቆዳ ሰፋው። አዲስ እንዲገዛ በየዓመቱ ይጻፋል፣ በየዓመቱ መልሱ አንድ ነው። ስለዚህ እኔ ቆዳውን ግድግዳ ላይ ይዤ እሱ ቁጥሩን ሲያነብ «ሃያ ቀንሺ» ይላል፤ «ሃያ ቀንሻለሁ» እላለሁ። ይህን ሳንባባል የጻፍነው ቁጥር የለም። እሱ ቢረሳ እኔ አልረሳም፣ እኔ ብረሳ እሱ አይረሳም።

አንድ ልማድ ነበረው። ማንም ቤት ስንገባ ገና ሰላምታ ሳያልቅ «ውሃ ይኖራል?» ይላል። ውሃ የሚያመጣለትን ሰው እየመረቀ በዝግታ ይከተልና እንስራው ያለበትን ያያል። መጀመሪያ የምሩን የጠማው መስሎኝ ነበር።

«ሰው የቤቱን ፊት ለመንግሥት ብሎ ይቀባዋል፣ በሩን ይደፍነዋል» አለኝ። «እንስራውን ግን ለማንም ብሎ ከቀዝቃዛ ቦታው አያነሳውም። እዚያ ድረስ ከሄድሽ ቤቱን አየሽው ማለት ነው።»

እኔ የሰው ቤት ውሃ መጠየቅ አልቻልኩም። ቀኑን ሙሉ ጠምቶኝ ወደ ቤቴ እገባ ነበር።

ሁለተኛው ትምህርቱ ስለ ግድግዳ ነው። ክፍሉ ከውጪም ከውስጥም ይለካል። ከውጪው ላይ የውስጡ ሲቀነስ የሚተርፈው የግድግዳው ውፍረት ነው። የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ክንድ ያህል ይወፍራል፣ የብሎኬት ስንዝር ያህል ነው። «ድንጋይ ሆኖ ከቀጠነብሽ ጠርጥሪ» ይለኛል። «ግድግዳ በራሱ አይከሳም። አንድ ሰው በልቶታል።»

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አለማወቅ አልነበረም ያጠፋሁት።

በሦስተኛው ዓመት አዴ ሙሚና የሚባሉ ባልቴት ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለውን ቤታቸውን ለአንድ ልብስ ሰፊ ሸጡ። ገዢው አቶ ግርማ ይባላል፤ እሱና ሚስቱ እትዬ አስቴር ዕድሜያቸውን በኪራይ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ጋሽ መኩሪያ ከውጪ ለካ፣ እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ። የመጨረሻው ክፍል፣ ጀርባውን ለወንዙ የሰጠው፣ መጋረጃ ተጥሎበታል። የአዴ ሙሚና ልጅ ወልዳ እዚያ ተኝታለች።

«ግቢ እንጂ፣ ምን ቆመሽ?» አለችኝ ከውስጥ። «ቤት ነው፣ አቦ። እኔ አልነክስሽ።»

«ግድ የለም፣ እዚሁ ሆኜ እለካዋለሁ» አልኩ። አራስ ፊት ሜትር እየዘረጋሁ መንበርከክ፣ አልጋዋን ማስጠጋት፣ ትራሷን ማንሳት አቃተኝ። ከመጋረጃው እስከ አልጋው ጠርዝ ገምቼ፣ ሌላው ግድግዳ ክንድ ስለነበር ይሄም ክንድ ይሆናል ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ መኩሪያ ሲጠይቀኝ «ለክቻለሁ» አልኩት። ወረቀቱ ላይ ቤቱ ከፕላኑ ጋር ትክክል ሆነ። አቶ ግርማና ቤተሰቡ ገቡ።

የደቻቱ ውሃ ከሰማያችን አይጠብቅም። ዝናቡ ከላይ፣ ተራራው ላይ ይዘንባል፤ ድሬ ጠራራ ፀሐይ ላይ እያለች ወንዙ ይመጣል። በዚያ ክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ እንደዚያ መጣ። የጎረቤቶቹ ግድግዳ ቆመ። የአቶ ግርማ ግድግዳ በአልጋው ቁመት ልክ ተበሳ። እትዬ አስቴር ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣች ስለነበር ተረፈች። ውሃው እዚያ ክፍል የቆመውን የስፌት ማሽን ጠራርጎ ወሰደው።

ኋላ እንደተረዳነው፣ የአዴ ሙሚና ሟች ባል ከብዙ ዓመት በፊት አልጋ ለማስገባት ግድግዳውን ከውስጥ ፈልፍሎት ነበር። የቀረው ከስንዝር አይበልጥም። ጋሽ መኩሪያ አዴ ሙሚናን ጠየቃቸው።

«ምኑን ደበቅኩ?» አሉ ሴትዮዋ እያለቀሱ። «አልጋው ሃያ ዓመት እዚያው ነበር። የጠየቀኝ ሰው አለ? ልጂቱ መጋረጃው ጋ ቆማ ተመለሰች።»

ጋሽ መኩሪያ ወደ እኔ ዞረ። ያን ጊዜ ውስጡን እንዳልለካሁ ነገርኩት። አልተቆጣም። «እኔም ሁለቱን ቁጥር አላቀናነስኩም፤ አምኜሽ ነበር» አለ። ቆቡን አጠለቀና «ነይ፣ የሚነገረው ለእኔ አይደለም» ብሎ ይዞኝ ሄደ።

አቶ ግርማ ማሽኑን ታች አሸዋው ውስጥ አግኝቶት፣ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ጭቃውን ከብረቱ ውስጥ በሽቦ እየጠረገ ነበር። ጋሽ መኩሪያ አልተናገረልኝም። ጎኔ ቆመ።

«ያን ክፍል ውስጡን አልለካሁትም» አልኩ። «ለካሁ ያልኩት ውሸት ነው።»

አቶ ግርማ ሽቦውን አቆመ። «ለመለካት ስንት ደቂቃ ይፈጅ ነበር?»

«አምስት።»

«አምስት» አለና ወደ ማሽኑ ተመለሰ።

ደመወዝ ተቀጣሁ፣ ማስጠንቀቂያ ፋይሌ ውስጥ ገባ፤ ያ ቀላሉ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ውስጡን ሳልለካ የወጣሁበት ቤት የለም። አራስ ቢኖር አልጋዋን አስጠጋለሁ፣ ይቅርታ እላለሁ፣ ፊቴ ይቃጠላል፣ እለካለሁ።

ጋሽ መኩሪያ በስድስተኛው ዓመት ጡረታ ወጣ። ሜትሩን ለእኔ ሰጠኝ፣ «ሃያውን እንዳትረሺ» አለኝ፣ በቃ። ቆይቶ አንድ ወጣት ቴክኒሺያን፣ ጓድ ሰሎሞን፣ በእሱ ቦታ ተመደበ። ፈጣን፣ ጽሑፉ ያማረ፣ ሠራተኛ የሚያከብር ልጅ ነው። እኔ ወደ ውስጥ እገባለሁ፣ እሱ የመሥሪያ ቤቱን ዘበኛ ጫፉን እያስያዘ የውጪውን ይለካል። ስለ ሃያው በመጀመሪያው ቀን ልነግረው አሰብኩ። የተማረ ሰው ነው፣ በመጣበት ቀን ማረም ነውር ሆነብኝ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ። እኔ የውስጡን እየቀነስኩ ጻፍኩ፣ እሱ የውጪውን ሳይቀንስ ጻፈ። ሳምንት ሞላን።

በሳምንቱ የመጣው ፋይል የአቶ ግርማ ነበር። ቤቱን ሊሸጥ ነው። እትዬ አስቴር ከጎርፉ ወዲህ ተራራው ላይ ደመና ባየች ቁጥር ዕቃ ስትጭን ትውላለች፤ ሳቢያን ሰፈር፣ ከወንዙ ራቅ ብሎ፣ የሚስማማቸው ቤት ተገኝቷል፣ ግን ይህ ካልተሸጠ ያንን መግዛት አይቻልም። ገዢው አባ ጂብሪል የሚባሉ የጀልዴሳ ግመል አርቢ ናቸው፤ ልጆቻቸው ከተማ እንዲማሩ ይፈልጋሉ።

ስንደርስ የቀበሌው ሊቀመንበርና አባ ጂብሪል በሩ ላይ ቆመዋል፤ ቤቱም ሁለት አዲስ ነገር ነበረው። የወንዙ በኩል ግድግዳ በወፍራም ድንጋይ እንደገና ተገንብቷል። የመንገዱ በኩል በረንዳ ደግሞ በብሎኬት ተዘግቶ የስፌት ሱቅ ሆኗል፣ በሩ መንገድ ላይ ነው። ሁለቱም ያለ ፈቃድ ነው የተሠሩት። አቶ ግርማ ሰላም አለኝ። ቀጥሎ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ሱቁ ትርፍ ቤት ከተባለ ቀበሌ ይወስደዋል፣ አባ ጂብሪልም ይመለሳሉ።

እትዬ አስቴር ወደ ውስጥ አስገባችኝና መጋረጃውን ከኋላዋ ሳበች።

«ስንዱ፣ ያኔ ማየት የነበረብሽን ሳታዪ ቀርተሽ ጎዳሽን» አለችኝ በቀስታ። «ዛሬ ደግሞ ሱቋን ሳታዪያት ብትወጪ ምን አለበት? እዳሽን ከፈልሽ ማለት ነው።»

እውነቷን ነበር። ከተማው ውስጥ አንድ ሰው እንዲህ ሊጠይቀኝ መብት ቢኖረው እሷ ናት።

«አላየሁም ማለት ከእንግዲህ አልችልም፣ እትዬ» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ። «ጫፉን ያዢልኝ።»

ተቀይማ ያዘችልኝ። የሱቁ ውስጥ ሁለት ሜትር ከሃያ አነበብኩ፤ ሃያ ሲቀነስ ሁለት ሜትር። በመስኮቱ በኩል ብሎኬቱን ለካሁ፣ ስንዝር፣ ሃያ ሳንቲም። ከዚያ ወደ ወንዙ ክፍል ገብቼ አልጋውን አስጠጋሁ። ግድግዳው ከክንድ ይበልጣል። ሁሉንም ጽፌ ሜትሩን ለዘበኛው አቀበልኩት።

እዚያው ውስጥ ሆኜ የጓድ ሰሎሞን ድምፅ ሰማሁ።

«በረንዳው ሁለት ሜትር ከአርባ። ፕላኑ ላይ ሁለት ሜትር ከሃያ ነው። ሃያ ሳንቲም ወደ መንገድ ገፍቷል።»

«ከፕላኑ ውጪ ነው በለኛ» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር። «በሩም መንገድ ላይ ነው። እንግዲህ ትርፍ ቤት ነው፤ ምን ይደረጋል።»

«አቦ፣ እኔ የተስማማሁት ከነሱቁ ነው» አሉ አባ ጂብሪል። «ሱቁ የቀበሌ ከሆነ ወደ ግመሎቼ ልመለስ።»

ቁጥሮቹን አየኋቸው። ውስጡ ሁለት ሜትር፣ ብሎኬቱ ሃያ። ድምሩ ሁለት ከሃያ ነው፤ ልክ እንደ ፕላኑ። ወጣሁ። በሩ ላይ ቀበሌው፣ ጎረቤቱ፣ ሕፃናት ሳይቀሩ ቆመዋል።

«ሃያ ቀንሱ» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ሊቀመንበሩ ብዕሩን አውጥቷል። አቶ ግርማ የሱቁን ደፍ ያያል።

«ሃያ ቀንሱ» አልኩ እንደገና፣ ራሴን ባስደነገጠኝ ድምፅ።

«ምን አለች?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ከምኑ ላይ ነው የሚቀነሰው?» አለኝ ጓድ ሰሎሞን።

«ከሜትሩ። አፉ የተቆረጠ ነው። ቆዳው ሸፍኖት ነው።»

አቶ ግርማ ከኪሱ ትንሽ መቀስ አውጥቶ ሰጠኝ። የጋሽ መኩሪያን ስፌት ፈታሁት። ቆዳው ሲነሳ የመጀመሪያው ቁጥር ሃያ አንድ ነበር። ጓድ ሰሎሞን ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፍሬ።»

«ሳምንት ሙሉ?»

«ሳምንት ሙሉ።»

ሊቀመንበሩ መሳቅ ጀመረ። «ትምህርት ሰጡህ፣ ሜትር ግን አልሰጡህም» አለው። እንደገና ተለካ። ሁለት ሜትር ከሃያ ሆነ። የተዘጋ በረንዳ ሆኖ፣ ከፕላኑ ሳይወጣ፣ በቅጣት የሚጸድቅ። አባ ጂብሪል ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አልኩ። «የወንዙ ግድግዳም ያለ ፈቃድ ነው የተሠራው። ጽፌዋለሁ።»

እትዬ አስቴር ከኋላዬ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ያለ ፈቃድ?» አለ ሊቀመንበሩ ወደ አቶ ግርማ ዞሮ።

«ወንዙም ያለ ፈቃድ ነው የመጣው» አለ አቶ ግርማ።

አባ ጂብሪል ገብተው ግድግዳውን በጡጫ መቱት፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ ዳበሱት። «እኔ ውሃ አውቃለሁ» አሉ ሲወጡ። «ይሄን የሠራው የፈራ ሰው ነው። የፈራ ሰው ጥሩ ይገነባል። እገዛዋለሁ።» በኋላ መሐንዲስ መጥቶ አየውና ግድግዳውም ጸደቀ።

በማግስቱ እኔና ጓድ ሰሎሞን በዚያ ሳምንት የለካናቸውን ሦስት ቤቶች እንደገና ዞርን። አንዱ ላይ ሊፈርስ የተጻፈ ወጥ ቤት ተረፈ። ጓድ ሰሎሞን አልተቀየመኝም፤ ቆዳው ተመልሶ እንዳይሰፋ አዘዘ፣ ከዚያ በኋላም ቁጥር ባነበበ ቁጥር ጮክ ብሎ «ሃያ ቀንሺ» ይለኝ ጀመር። ከድምፁ በስተቀር ጋሽ መኩሪያ የተመለሰ ይመስል ነበር።

አቶ ግርማ የቤቱ ስም ተዛውሮ ሲያልቅ ቢሮ መጣ። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

«የሳቢያኑን ቤት ልፈርም ነው» አለኝ። «ሻጩ ከፕላኑ ጋር ትክክል ነው ይላል፣ ወረቀትም አለው። እኔ ግን ካንቺ ነው መስማት የምፈልገው። እሁድ መጥተሽ ትለኪልኛለሽ? ውስጡን።»

«እመጣለሁ።»

ወደ በሩ ሄዶ ተመለሰ። «አምስት ደቂቃ ይበቃሻል?»

«አይበቃም» አልኩ። «ጠዋቱን በሙሉ እፈልጋለሁ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል አየሁት።

ሰኞ የምጀምረው ሥራ የመጣው ከዚያ እሁድ ነው። የሳቢያኑ ቤት ጎረቤት የግንበኞች ማኅበሩ አናጢ ነበር፤ ስለካ ቆሞ አየኝ። ሰዎች ከሠሩ በኋላ ሳይሆን ከመሥራታቸው በፊት፣ ግድግዳው ሳይቆም፣ አፈሩ ላይ የሚለካላቸው ሰው እንደሚፈልጉ ነገረኝ። አሁን ጊዜው ደረሰ።

ያን እሁድ ግን ገና ፀሐይ ሳይበረታ ነበር የደረስኩት። አቶ ግርማና እትዬ አስቴር መንገዱ ላይ ይጠብቁኛል። የቤቱ ፊት አዲስ ኖራ ተቀብቷል። ሻጩ በሩን ከፈተና ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ፤ እኔም ቀና ብዬ አየሁት።

«እንደምን አደሩ» አልኩ። «ውሃ ይኖራል?»